ቃለ ጉባኤው ያልያዘው ንግግር

ከምስጋና ቢስ ሹመቶች ሁሉ የሚብሰው የማኅበር ጸሐፊነት ይመስለኛል። የዕድር ጸሐፊ የሆነ ያውቀዋል። የጽዋ ማኅበር ሙሴ የሆነም አይጠፋውም። እኔ የተሾምኩት በመሐንዲሶች ማኅበር ነው። ማኅበር ስል አገር አቀፉን ትልቁን ማለቴ አይደለም፤ በአንድ አካባቢ የምንሠራ ሠላሳ አርባ የምንሆን ሰዎች በየወሩ የመጨረሻ ሐሙስ ማታ የምንሰባሰብበትን ቡድን ማለቴ ነው። አንድ ሐሙስ ታክሲ አጥቼ ዘግይቼ ደረስኩ። በሩን ከፍቼ ስገባ ቤቱ በጭብጨባ ተናጋ። ለካስ በሌለሁበት ጸሐፊ አድርገው መርጠውኛል!

«ሥራው ቀላል ነው» አሉኝ። «ቃለ ጉባኤ መያዝና በየወሩ አንድ ተጋባዥ ተናጋሪ ማምጣት ብቻ ነው።»

ይቺ «ብቻ» የምትባል ቃል ስንቱን ሰው ጉድ ሠርታለች! ተናጋሪ ማምጣት ማለት ምን ማለት እንደሆነ ላልሞከረው ላስረዳ። መጀመሪያ ሰውየውን ማሰብ ነው። ኮሚቴ ሲባል ሁልጊዜ የሚያስበው ትልቅ ሰው ነው፤ ትልቅ ሰው ደግሞ ሁልጊዜ ስብሰባ ላይ ነው። ይደወላል፤ «ስብሰባ ላይ ናቸው»። ነገም ስብሰባ ላይ ናቸው። በሳምንቱ «ደብዳቤ ይጻፍና ይታያል» ይባላል። ደብዳቤው ይጻፋል፣ ማኅተም ይመታበታል፣ መዝገብ ቤት ይገባል፣ እዚያው ይቀራል። ሁለተኛ ኮፒ በእጅ ይወሰዳል። በመጨረሻ ትልቁ ሰው እሺ ይላሉ፤ በዕለቱ ግን አስቸኳይ ጉዳይ ገጥሟቸው ወኪል ይልካሉ። ወኪሉ ርዕሱን የሰማው መኪና ውስጥ ነው። እሱም ቢሆን ደግ ሰው ነውና የያዘውን ሰማንያ ስላይድ አንድ በአንድ ማንበብ ይጀምራል። ሃያኛው ላይ መብራት ይጠፋል። መብራቱ እስኪመጣ ሻይ ይጠጣል። ሲመጣ ግማሹ ሰው ሄዷል፤ የቀረውም ሰዓቱን ያያል። «ጥያቄ ያለው ሰው አለ?» ይላል ሰብሳቢው፣ የለም እንዲባልለት በሚለምን ድምፅ። የለም። ጭብጨባ። የምስጋና ወረቀት። ፎቶ።

እኔም ቤቴ ገብቼ በቃለ ጉባኤው ላይ «ሰፊና ጠቃሚ ገለጻ ተደርጓል» ብዬ እጽፋለሁ። በጸሐፊነት በቆየሁባቸው ዓመታት ይህችን ዓረፍተ ነገር ከሠላሳ ጊዜ በላይ ሳልጽፋት አልቀርም። መዝገቡን ዛሬ የሚያነብ ሰው ገለጻው ሰፊ እንደነበረ ያውቃል። ስለ ምን እንደነበረ ግን አያውቅም።

ሰው ሲቸግረው ታሪክ ማንበብ ይጀምራል። ይሄ መከራ የኛ ብቻ ነው ወይስ ሌላም አገር አለ ብዬ የሙያ ማኅበራትን ታሪክ ማገላበጥ ጀመርኩ። ያገኘሁት ነገር መጀመሪያ አጽናናኝ፤ ኋላ ግን አሳፈረኝ። ሁለቱንም በየተራ አወጋችኋለሁ። (የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩ የተጀመረው ቡና ቤት ውስጥ ነው። ጃንዋሪ 2 ቀን 1818 ለንደን ውስጥ ፍሊት ጎዳና ላይ ኬንዳል በሚባል ቡና ቤት ጥቂት ወጣት መሐንዲሶች ተሰባሰቡ። ግንባር ቀደሙ ሄንሪ ሮቢንሰን ፓልመር የሚባል ነበር። በዚያን ዘመን በእንግሊዝ አገር መሐንዲስነት ኮሌጅ ገብተው የሚማሩት ሙያ አልነበረም። አንድ ጌታ ሥር በተለማማጅነት ገብቶ እያዩ መቅሰም ነው። ጌታው ያወቀውን ለሰው ቢናገር እንጀራውን ቆርሶ እንደ መስጠት ነበር። በ1771 የተመሠረተ የአንጋፋ መሐንዲሶች ማኅበር ነበረ፤ እሱ ግን ከትምህርቱ ይልቅ ወደ ማዕዱ ያደላ፣ እንደኛ ጽዋ ማኅበር ዓይነት ነገር ነው። ወጣቶቹ የፈለጉት ሌላ ነበር፤ አንዱ ያየውን ለሌላው የሚነግርበት፣ እርስ በርስ የሚማማሩበት ቦታ።

ሐሳቡ ጥሩ ነበር፤ ሰው ግን አልመጣላቸውም። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት የአባሎቹ ቁጥር እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም። ይሄኔ ምን አደረጉ? እንደኛው ትልቅ ሰው ፈለጉ! በ1820 ቶማስ ቴልፎርድን ፕሬዚዳንት ሁንልን ብለው ለመኑት። ቴልፎርድ የስኮትላንድ የበግ እረኛ ልጅ ነው። አባቱ ገና ሕፃን ሳለ ሞቶበት፣ ድንጋይ ጠራቢነት ተምሮ አድጎ፣ በአገሩ አንደኛ የመንገድና የድልድይ ሠሪ ለመሆን የበቃ ሰው። በዚያን ሰዓት በዌልስ የሜናይን ተንጠልጣይ ድልድይ እየሠራ ነበር፤ በ1826 ሲከፈት በሁለቱ ማማዎች መካከል ያለው ርቀት 176 ሜትር ነበር። ማለት የፈለግሁት፣ «ስብሰባ ላይ ነኝ» ለማለት ከማንም የበለጠ መብት የነበረው ሰው ነው።

እሱ ግን እሺ አለ። እሺ ብሎም ወንበሩ ላይ ለፎቶ አልተቀመጠም። መጻሕፍትና ሥዕሎች ለማኅበሩ ሰጠ። ከሁሉ በላይ ደግሞ በየስብሰባው የተባለው ነገር እንዲመዘገብ ልማድ አደረገ። ተናጋሪው ያለውን ብቻ ሳይሆን ከተናገረ በኋላ የተነሣውን ክርክር ጭምር። በ1828 ማኅበሩ የንጉሥ ቻርተር አገኘ። ቴልፎርድ እስከሞተበት እስከ 1834 ድረስ ፕሬዚዳንት ሆኖ ቆየ። ከ1837 ጀምሮ ቃለ ጉባኤው እየታተመ መውጣት ጀመረ። በቡና ቤት የተጀመረ ወሬ በዚህ መንገድ የሙያው የጋራ ትዝታ ሆነ።

ይሄን ሳነብ የኔ «ሰፊና ጠቃሚ» ትዝ አለችኝ። መዝገቡን ወደ መሳቢያው መልሼ ቆለፍኩበት።

ሁለተኛው ታሪክ የኒኮላ ቴስላ ነው። ቴስላን የማያውቅ የለም፤ ቶማስ ኮመርፎርድ ማርቲንን ግን ከመቶ አንድ ሰው ቢያውቀው ነው። ማርቲን የኤሌክትሪክ ጉዳይ የሚጽፍ ጋዜጠኛ፣ የአንድ ሙያ መጽሔት አዘጋጅ ነበር። በ1884 የተቋቋመው የአሜሪካ የኤሌክትሪክ መሐንዲሶች ማኅበርም ፕሬዚዳንት ሆኖ ነበር። ይሄ ሰው ቴስላ የሠራቸውን አዳዲስ ሞተሮች አየ። አይቶም እንደኛ ሰው አድንቆ አልሄደም። «ማኅበራችን መጥተህ ተናገር» ብሎ ያዘው።

ቴስላ አልፈለገም። ሥራ በዝቶበታል፣ ጤናውም ደህና አልነበረም። ማርቲን ራሱ በኋላ እንደጻፈው ሰውየው እሺ ያለው በስንት መከራ ነው፤ ጽሑፉንም ያዘጋጀው ከስብሰባው በፊት በነበረው ሌሊት፣ በእርሳስ፣ በጥድፊያ ነበር። ሜይ 16 ቀን 1888 ኒው ዮርክ በሚገኘው ኮሎምቢያ ኮሌጅ ቆሞ አቀረበው። በተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ የሚሠራ፣ የሚፋተግ ብሩሽ የማያስፈልገው ሞተር እንዴት እንደሚዞር አስረዳ። ሲጨርስ ኤሊሁ ቶምሰን የሚባል ታዋቂ ሰው ተነሥቶ፣ እሱም በተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ የሚሠራ ሞተር ላይ መድከሙን ተናገረ። ቴስላም የሁለቱን ልዩነት በጨዋ ደንብ አስረዳ። ይህም ተመዘገበ። ሁለት ወር ሳይሞላ፣ በጁላይ፣ ጆርጅ ዌስቲንግሃውስ የፈጠራ መብቶቹን ገዛ። በኖቬምበር 1896 ከናያጋራ ፏፏቴ የመነጨ ኤሌክትሪክ በቴስላ ስልት ቡፋሎ ከተማ ደረሰ።

ማርቲን ባይለምነው ቴስላ ሳይታወቅ ይቀር ነበር አልልም። የፈጠራ መብቶቹ ወጥተዋል፤ ዌስቲንግሃውስም ዓይኑ የተከፈተ ሰው ነበር። ነገር ግን መሐንዲሶቹ ነገሩን በአንድ አዳራሽ ተቀምጠው፣ ከባለቤቱ አፍ፣ ጥያቄ እየጠየቁ እንዲሰሙት ያደረገው የአንድ ጸሐፊ ቢጤ ልመና ነው። «ጽሑፍህን አሳምረህ ስትጨርስ ትመጣለህ» ብሎት ቢሆን ኖሮ ሜይ 16 አልፋ ነበር።

ሦስተኛዋ ሄርታ አይርተን ናት። ከፖላንድ የመጣ አይሁዳዊ ሰዓት ሠሪ ልጅ ስትሆን በ1854 እንግሊዝ አገር ተወለደች። በዚያን ጊዜ መንገድና አዳራሽ የሚበራው በሁለት የካርቦን ዘንጎች መካከል በሚፈነጥቅ ኃይለኛ መብራት ነበር። መብራቱ እንደ እባብ ይጮኻል፣ ይንቀጠቀጣል። ለምን እንደሚጮህ የሚያውቅ አልነበረም። አይርተን መረመረችና አየር ገብቶ የጋለውን ካርቦን ሲነካው ኦክስጅኑ የሚያመጣው ጣጣ መሆኑን ደረሰችበት። በ1899 የእንግሊዝ የኤሌክትሪክ መሐንዲሶች ማኅበር ጋበዛትና ጽሑፏን ራሷ ቆማ አነበበች። በዚያ መድረክ የራሷን ጽሑፍ ያነበበች የመጀመሪያዋ ሴት ናት። ማኅበሩም ወዲያው አባል አደረጋት።

በ1901 ደግሞ ስለዚያው ብርሃን የጻፈችው ለሮያል ሶሳይቲ ቀረበ። እዚያ ግን ሴት ቆማ አታነብም። ጽሑፏን ጆን ፔሪ የሚባል ወንድ አነበበላት። በቀጣዩ ዓመት አባል እንድትሆን ስትታጭ፣ ባለትዳር ሴት በሕግ ፊት ለአባልነት አትበቃም ተባለ። በ1904 ግን በር ተከፈተና ስለ አሸዋ ሞገዶች የጻፈችውን በዚያው ቤት ራሷ አነበበች፤ በ1906 ሜዳልያ ሸለሟት። ሴትዮዋ ያቺው፣ ዕውቀቷም ያው ነው። በአንዱ አዳራሽ ተናጋሪ፣ በሌላው ዝምተኛ ያደረጋት ጋባዡ ነው።

እስከዚህ ድረስ ያለው የሚያጽናናው ታሪክ ነው። እውነቴን ነው፤ ጸሐፊነት ለካ እንዲህ ያለ ሥራ ነው ብዬ ደረቴን ነፋሁ። ከዚያ የራሴን መዝገብ ከመሳቢያው አወጣሁና ቆጠርኩ። በነዚያ ሁሉ ዓመታት ካመጣኋቸው ተናጋሪዎች መካከል አንዲት ሴት አልነበረችም። አንድ ፎርማን አልነበረም። አንድም ሰው «ተሳስቼ ነበር» ብሎ አልተናገረም። ሁሉም የመጡት ያማረውን ሊያሳዩን ነው። እናንተዬ፣ በአንድ ከተማ ሠላሳ አርባ መሐንዲስ ተሰብስቦ በስንት ዓመት አንድ ጥፋት ሳይሰማ እንዴት ይኖራል? በከተማው ጥፋት ስላልነበረ? ወይስ ጥፋተኛው ስላልተጠራ?

አንድ ጊዜ ግን ጥፋት ሳልጠራው መጥቶልኝ ነበር። የሚያሳፍረኝ ይሄ ነው።

በአካባቢያችን አንድ ጡረታ የወጡ መሐንዲስ ነበሩ። ዕድሜያቸውን ሳይት ላይ የጨረሱ፣ ስብሰባ ላይ ከኋላ ወንበር ተቀምጠው የማይናገሩ። አንድ ሐሙስ ሻይ ላይ ጠጋ አሉኝና «ልጄ፣ አንድ ማታ ብትሰጠኝ የማወራው ነገር አለኝ» አሉኝ። በጸሐፊነት ዘመኔ ሳልለምነው የመጣልኝ ብቸኛው ሰው!

«ርዕሱ ምን ይሁን ጋሼ?» አልኳቸው።

«የወደቀ ግንብ።»

«የማን ግንብ?»

«የኔ።»

ከብዙ ዓመት በፊት ያሠሩት ሪቴይኒንግ ዎል በሐምሌ ሌሊት ተንዶ ነበር። ዘበኛው ዝናቡ በርትቶበት ጎጆውን ትቶ ሌላ ቤት ገብቶ ባያድር ኖሮ ግንቡ ሥር ይቀር ነበር። ነገሩ ለሙያው ሰው ቀላል ነው። እንዲህ ያለ ግንብ የሚታነጸው ከኋላው ያለውን አፈር እንዲደግፍ ነው። ከኋላው ጠጠርና ድንጋይ ተሞልቶ፣ ከታች ቀዳዳ ከተተወለት ዝናቡ ሰርጎ ይወጣል። ዋልካ አፈር ከተሞላበት ግን ውሃው መውጫ ያጣል፤ ቀዳዳውም በጭቃ ይደፈናል። ከዚያ ግንቡ አፈሩን ብቻ ሳይሆን ውሃውንም ሊሸከም ነው። 3 ሜትር ከፍታ ያለው ውሃ በእያንዳንዱ ሜትር ርዝመት ላይ ወደ 4.5 ቶን በሚጠጋ ኃይል ይገፋል። ይሄ ጭነት በስሌቱ ውስጥ የለም። ግንቡ በጋውን ሙሉ ቀጥ ብሎ ይቆማል። የሚወድቀው በክረምት ነው፣ ያውም በሌሊት።

«ይሄማ በመጽሐፍ ላይ አለ ጋሼ» አልኳቸው።

«አለ። እኔም አውቀው ነበር። የማወራው እያወቅሁ እንዴት እሺ እንዳልኩ ነው» አሉኝ።

ለኮሚቴው አቀረብኩ። ኮሚቴው ፊቱን አጨማደደ። አንዱ «የዚያ ግንብ ባለቤት መሥሪያ ቤት ሰዎች እኮ አባሎቻችን ናቸው» አለ። ሌላው «የሙያውን ስም ማጥፋት ነው» አለ። ሦስተኛው፣ በዕድሜ የሚበልጠን፣ «ዝም አይነቅዝም» ብሎ ተረተ። ይሄ ተረት ከወጣ በኋላ በኛ አገር ክርክር የለም። እኔስ? እኔ «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» የሚል ተረት እንዳለን አውቅ ነበር። አላልኩም። ብዕሬን ይዤ «ለሌላ ጊዜ እንዲተላለፍ ተወስኗል» ብዬ ጻፍኩ።

ለሽማግሌው የደወልኩት እኔ ነኝ። «ጋሼ፣ ለጊዜው ርዕሱን ትንሽ ሰፋ አድርገን፣ ስለ ግንባታ ጥራት በጠቅላላው ቢሆን…» ምናምን አልኩ። ትንሽ ዝም አሉ። «ገባኝ ልጄ። አትቸገር» አሉኝና ስልኩን ዘጉት። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። በዚያ ሐሙስ አንድ ትልቅ ሰው መጥተው «መሐንዲሱ ለአገር ልማት ያለው ሚና» በሚል ርዕስ ተናገሩ። ሰፊና ጠቃሚ ገለጻ ተደርጓል።

ሁለት ክረምት አለፈ። ነሐሴ ላይ ከአባሎቻችን አንዱ፣ በዚያ ሐሙስ አዳራሹ ውስጥ የነበረ ልጅ፣ ያሠራው የግቢ ግንብ ተናደ። አንድ የቀን ሠራተኛ እግሩ ተሰበረ። ልጁ ቢሮዬ መጥቶ ቁጭ አለና ያወራኝ ጀመር። «ቀዳዳውን እኮ አስቀምጫለሁ» አለኝ። «ኮንትራክተሩ ድንጋይ ማጋዝ ወጪ ነው፣ የወጣው አፈር ይበቃል አለኝ። ተከራከርኩ። ክረምት ሳይገባ እንጨርስ እያሉ ሲያጣድፉኝ እሺ አልኩ።» ከዚያ ቀና ብሎ አየኝና «እንዲህ ያለ ነገር የደረሰበት ሰው አልነበረም እንዴ?» አለኝ።

አልመለስኩለትም።

መጽሐፉንማ ልጁም አንብቦታል። እኔም አምስት ኪሎ ተምሬዋለሁ፣ ተፈትኜበታለሁ። ነገር ግን ኮንትራክተሩ ሲያጣድፍ፣ አለቃ ሲደውል፣ ሰማዩ ሲጠቁር እንዴት እምቢ እንደሚባል የሚያስተምር መጽሐፍ አላጋጠመኝም። እሱን የሚያውቀው አንድ ጊዜ እሺ ብሎ የተቃጠለ ሰው ነው።

የሮጀር ቦይዥሊን ታሪክ ያነበብኩት በዚያው ሰሞን ነው። ቦይዥሊ ለአሜሪካ የጠፈር መንኮራኩር ሮኬት በሚሠራው ሞርተን ታዮኮል በሚባል ኩባንያ ውስጥ መሐንዲስ ነበር። በጁላይ 1985 ለአለቆቹ ማስታወሻ ጻፈ፤ የሮኬቱን መጋጠሚያ የሚያሽጉት የጎማ ቀለበቶች አደጋ ያመጣሉ፣ ሰው ይሞታል ብሎ። ጃንዋሪ 27 ቀን 1986 ማታ ቻሌንጀር ልትመጠቅ አንድ ሌሊት ሲቀራት፣ ብርዱ ጎማውን ያደርቀዋልና ይቅር ብለው እሱና ባልደረቦቹ በስልክ ስብሰባ ተከራከሩ። ኩባንያው መጀመሪያ ሐሳባቸውን ተቀበለ። ከዚያ አለቆቹ ለብቻ መክረው ገለበጡት። በማግሥቱ መንኮራኩሯ በተነሣች በ73 ሴኮንድ ፈነዳች። ሰባቱም ተሳፋሪዎች ሞቱ።

ቦይዥሊ ለመርማሪው ኮሚሽን እውነቱን መሰከረ። ከዚያ በኋላ በመሥሪያ ቤቱም በሰፈሩም ፊት ነሡት። ሥራውን ለቀቀ። ታዲያ ይሄን ሰው ማን ጠራው? ተጋባዥ ተናጋሪ የሚያመጡ ሰዎች ጠሩት። በ1987 ለአሜሪካ መካኒካል መሐንዲሶች ማኅበር ዓመታዊ ስብሰባ የዚያን ሌሊት ውሳኔ በጽሑፍ አቀረበ። ቀሪ ዘመኑን ከ300 በላይ በሚሆኑ ዩኒቨርሲቲዎችና ማኅበራት እየዞረ ሲናገር ኖረ፤ በጃንዋሪ 2012 አረፈ። በእያንዳንዱ አዳራሽ ጀርባ ስልክ የደወለ፣ ኮሚቴ ያሳመነ፣ ምናልባትም «የሙያው ስም» ሲባል «ይሁን» ያለ አንድ ጸሐፊ አለ ማለት ነው። ስማቸውን አናውቅም።

ታሪኩን ባነበብኩ በሳምንቱ ሽማግሌው ቤት ሄድኩ። ለይቅርታ ያዘጋጀሁት ንግግር ነበረኝ፤ አላስጨረሱኝም። ተነሥተው ከቁም ሳጥን ላይ አንድ የተማሪ ደብተር አወረዱ። ያን ጊዜ ያዘጋጁት ነው። አሥራ አራት ገጽ፣ ከነሥዕሉ። «ከወጣቱ ጋር አብረን እናቅርበው» አልኳቸው። «እሱ ልጅ ነው፣ እንጀራው ይቆረጣል። መጀመሪያ እኔ ልናገር፤ እሱ ደስ ካለው ይከተላል» አሉኝ።

ኮሚቴውን አሁንም ማሳመን ነበረብኝ። በዚህ ጊዜ አልለመንኩም። ወይ ይናገራሉ፣ ወይ ጸሐፊ ፈልጉ አልኩ። ጸሐፊ መሆን የሚፈልግ ሰው በዓለም ላይ እንደሌለ ስለሚያውቁ እሺ አሉ።

በዚያ ሐሙስ የመጣው ሰው አሥራ ሰባት ነው። ቆጥሬያለሁ። ባነር አልነበረም፣ ስላይድም አልነበረም። ሽማግሌው ደብተራቸውን ከፍተው «ጥፋቱ የኔ ነበር» ብለው ጀመሩ። ኮንትራክተሩ ምን እንዳላቸው፣ እሳቸው ምን እንደመለሱ፣ በስንተኛው ቀን እንደደከማቸው፣ እሺ ያሉበት ወረቀት ላይ ሲፈርሙ የማን መኪና ሞተሩ ሳይጠፋ በር ላይ ይጠብቅ እንደነበር ሁሉ ተናገሩ። ግማሽ ላይ ሲደርሱ እንደ ልማዱ መብራት ጠፋ። ሻይ ልትቀዳ የመጣችው ልጅ ሻማ አመጣች። የወጣ ሰው የለም። «ጥያቄ አለ?» የሚል ሰብሳቢም አላስፈለገም፤ ሳይጨርሱ ነው መጠየቅ የጀመሩት። ወጣቱ ከኋላ ተነሥቶ «እኔም…» ብሎ ጀመረ። ዘበኛው ቁልፉን እያንቃጨለ እስኪያስወጣን ድረስ አራት ሰዎች የየራሳቸውን አወሩ።

ቤቴ ገብቼ ዘጠኝ ገጽ ቃለ ጉባኤ ጻፍኩ። ተናጋሪው ያሉትን፣ የተጠየቁትን፣ የመለሱትን። መጨረሻ ላይ ሁለት መስመር ጨመርኩ፤ «ይህ ንግግር ከሁለት ዓመት በፊት ሊደረግ ታስቦ በኮሚቴው ውሳኔና በጸሐፊው ፈሪነት ቀርቷል። በመካከሉ ሌላ ግንብ ወድቋል።» ሰብሳቢያችን አንብቦ «ይሄን ደግሞ መጻፍ ምን ያስፈልጋል? ይሰረዝ» አለኝ። አልሰረዝኩም። ትንሽ ተኮራርፈን ነበር፤ ኋላ ፈረመበት።

ሽማግሌው ዛሬ በሕይወት የሉም። መዝገቡ ግን ከኔ በኋላ ለተመረጠው ጸሐፊ ተላልፏል። እሱም እንደኔው ዘግይቶ የመጣ ነው። በቅርቡ ደውሎ «ያቺን ዘጠኝ ገጽ ለአዲስ አባላት እያነበብኩላቸው ነው፤ አንድ ነገር ግን ጠየቁኝ» አለኝ። እግሩ የተሰበረው የቀን ሠራተኛ ማን ይባላል ብለው ነው።

መዝገቡን አላየሁትም፤ ማየትም አላስፈለገኝም። ስሙ የለም። ያን ማታ ከአሥራ ሰባታችን አንድም ሰው አላነሣውም፤ እኔም አልጠየቅሁም።